«ተቃጥሏል» የተባለው ዜኒት፦ ከሐይቅ የመጣ የአንድ ሬዲዮ የጉዳይ ጥናት

«ተቃጥሏል» ተብሎ የሚመጣ የቫልቭ ሬዲዮ (ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት በብርጭቆ ቱቦዎች ይሠራ የነበረው) ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልተቃጠለም። አንድ ዕቃ ተበጥሶ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ይገኛል። ዝም ያለውን ሁሉ እንደሞተ ስለምንቆጥር ግን ስንት ጥሩ ሬዲዮ ለቁራሌው ተሽጧል። ዛሬ የምጽፈው ከዚህ ዕጣ ለጥቂት ስለተረፈ አንድ ሬዲዮ ነው።

የሬዲዮው ባለቤት ሐይቅ ከተማ የሚኖሩ እናት ናቸው። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በወልድያ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሬዲዮውን ደሴ ድረስ ያመጣልኝ የልጅ ልጃቸው ነው። የፈለገውን ሲናገር አልተሽኮረመመም፦ «ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ግን ተቃጥሏል። አውጣውና ብሉቱዝ ግጠምበት።» እንዲህ ያለ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። ወጣቱ ክፋት የለበትም። አያቱን ሊያስደስታቸው ፈልጎ ነው። መልሴ ግን «መጀመሪያ ልየው» ነበር።

ሬዲዮው ዜኒት ትራንስ ኦሺያኒክ ነው፤ ሞዴሉ ኤች 500። የአሜሪካው ዜኒት ኩባንያ የመጀመሪያውን ትራንስ ኦሺያኒክ ያወጣው በ1942 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጦርነቱ ምርቱን ወዲያው አስቆመው። ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ቀጠለ። ኤች 500 በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሲዘጋ ጥቁር ቆዳ የለበሰ ትንሽ ሻንጣ ይመስላል። የፊት ክዳኑ ወደ ላይ ሲነሣ ሰፊው የጣቢያ መፈለጊያ ሰሌዳ ብቅ ይላል። መካከለኛ ሞገድ አለው። ከዚያ 2–4 እና 4–8 ሜጋ ኸርትዝ፣ ቀጥሎም 31፣ 25፣ 19 እና 16 ሜትር የአጭር ሞገድ ባንዶች አሉት። ኤፍ ኤም የለውም። ልጁ ይህን ስነግረው ትንሽ ቅር አለው።

ሬዲዮው እንዴት ሐይቅ ገባ?

ቤተሰቡ እንደሚያወሳው፣ የእማማ ባለቤት ከአስመራ በደሴ አድርገው አዲስ አበባ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሬዲዮውን አስመራ ላይ፣ ወደ አገሩ ለመመለስ ጓዙን ከሚሸክፍ አሜሪካዊ ገዙት። ለእኔ ይህ አሳማኝ ታሪክ ነው። አስመራ ውስጥ ቃኘው ጣቢያ የሚባል የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ ሰፈር እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ ነበረ። ወታደር ሲዛወር ከባድ ዕቃውን ሸጦ መሄዱ ደግሞ የትም ያለ ነው። እኔ ራሴ ወሎ ውስጥ ካገኘኋቸው የአሜሪካ ሥሪት ሬዲዮኖች መካከል ብዙዎቹ «ከአስመራ በመኪና መጣ» የሚል ታሪክ አላቸው። መንገዱ የሚያልፈው በእኛው በር ላይ ነው።

እማማን ለመጠየቅ ሐይቅ ድረስ ሄድኩ። ዕቃን ሳያዩ ብቻ ሳይሆን ሰውንም ሳይሰሙ መጠገን አልወድም። የነገሩኝ ነገር ከቴስተሩ፣ ከኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ ያላነሰ ጠቀመኝ። «ማታ ማታ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡናው ይፈላል፣ ዜናው ሲያልቅ ክርችም! ባትሪው ውድ ነዋ» አሉ። ከዚያ ባትሪው አለቀ። ባለቤታቸው አስመራም አዲስ አበባም ቢጠይቁ የሚተካ አጡ። ጎረቤት እንዳስተማራቸው ፀሐይ ላይም አሰጡት፤ ምንም አልሆነም።

ፀሐይ ላይ ማስጣቱን ያላደረገ ቤት የለም። ለተራው የሬዲዮ ድንጋይ ትንሽ ይረዳል፤ ሲሞቅ የቀረችው ጉልበት ለጥቂት ጊዜ ትነቃለች። የዚህ ሬዲዮ ባትሪ ግን ሌላ ዓይነት ነበር። በአንድ ካርቶን ውስጥ ሁለት ባትሪ ታሽጎበታል፦ አንዱ 9 ቮልት፣ ሌላው 90 ቮልት። ትራንዚስተር ሬዲዮ ሲመጣ የዚህ ባትሪ ገበያ ሞተ። ባትሪው ሲሞት ደግሞ ጤነኛ የሆነ ስንት የቫልቭ ሬዲዮ አብሮት መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ቀጥሎ የመጣው ነው አደጋው። መብራት ቤታቸው ከገባ በኋላ ሬዲዮው የኤሌክትሪክ ገመድ እንዳለው ያየ ሰው «ይኼማ በመብራትም ይሠራል» አለ። እውነቱን ነው፣ ይሠራል። ጀርባው ላይ የተጻፈው ግን 117 ቮልት ነው። የእኛ መብራት 220 ነው። ሰካው። ትንሽ ጭስ ወጣ፣ ክፉ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ ሬዲዮው ዳግመኛ አልተናገረም። «ተቃጥሏል» የተባለው ያን ቀን ነው። እማማ ሽታውን ዛሬም ያስታውሱታል፤ «የበሰበሰ ቀይ ሽንኩርት» አሉኝ። ይህ አንድ ቃል ብዙ ነገር ነገረኝ። በዘመኑ ሬዲዮኖች ውስጥ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ሬክቲፋየር ከሴሊኒየም ይሠራ ነበር። ሴሊኒየም ሲቃጠል የሚሸተው እንዲህ ነው። ጭሱም መርዛማ ስለሆነ ያንን ሽታ የሰማ ሰው ገመዱን ነቅሎ መስኮት መክፈት አለበት።

ምን ተቃጠለ፣ ምን ተረፈ?

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ሬዲዮው 5 ቫልቮች አሉት፦ ሁለት 1ዩ4፣ አንድ 1ኤል6፣ አንድ 1ዩ5 እና አንድ 3ቪ4። እያንዳንዱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ክር አለ። አራቱ በየግላቸው 1.5 ቮልት ገደማ ይፈልጋሉ። የድምጽ ቫልቩ 3ቪ4 ክሩ ድርብ ስለሆነ 3 ቮልት ይወስዳል። ተደምሮ 9 ቮልት ይመጣል። ክሮቹ በአንድ መስመር ተከታትለው ነው የተቀጠሉት። አንድ አምፖል ሲቃጠል ሙሉው እንደሚጠፋው የገና ዛፍ መብራት፣ አንዱ ክር ከተበጠሰ አምስቱም ይጠፋሉ። በሁሉም ክር ውስጥ የሚያልፈው 50 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። ከዚያ ብዙ ካለፈ ክሩ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ክር ደግሞ አይቀጠልም።

ሬዲዮው በመብራት ሲሠራ እነዚህን ስስ ክሮች የሚጠብቅ አንድ ተጨማሪ ብርጭቆ አለ። 50ኤ1 ይባላል። ሲያዩት ቫልቭ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሥራው መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል በክሮቹ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ 50 ሚሊ አምፔር አካባቢ መያዝ ነው። እሱም ከቫልቮቹ ክር ጋር በተከታታይ የተቀጠለ ነው። ስለዚህ ወጣቱ የሬዲዮውን ጀርባ ከፍቶ «ያው፣ ሁሉም ጠቁሯል» ሲለኝ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቀድሞ የተበጠሰው የትኛው ነው? በተከታታይ በተቀጠለ መስመር ላይ ቀድሞ የተበጠሰው ሌሎቹን ያድናል።

ቫልቮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። እግሮቻቸው ሰባት ናቸው፤ ክሩ በ1ኛውና በ7ኛው እግር መካከል ነው። ዲጂታል ቴስተር የሚልከው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ክሩን አይጎዳም። መጀመሪያ 1ኤል6ን ያዝኩ። ትንፋሼን የያዝኩት እሱ ላይ ነው፤ ከትራንስ ኦሺያኒክ ውጭ እምብዛም ያልተሠራበት ቫልቭ ነውና ዛሬ ፈላጊው ብዙ፣ ያለው ጥቂት ነው። ቴስተሩ ጥቂት ኦም አነበበ። ጤነኛ ነው! 1ዩ4ቹ ጤነኛ። 1ዩ5 ጤነኛ። 3ቪ4 የክሩ መካከለኛ መውጫ በ5ኛው እግር ስለሆነ ግማሽ ግማሹን ለየብቻ ለካሁት፤ ሁለቱም ደህና። በመጨረሻ 50ኤ1። ምንም። ክፍት ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል።

ያ አንድ ብርጭቆ ቀድሞ ተበጥሶ አምስቱን ቫልቮች አተረፋቸው። ሬክቲፋየሩ ተቃጥሏል። ኤሌክትሪክ እያጠራቀሙ የሚያጣሩት ዕቃዎች፣ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮቹ፣ አብጠዋል። ጠቁሮ የታየው የእነሱ ጥላሸት ነበር። ከእነዚህ በቀር ሬዲዮው አልተቃጠለም።

ውሳኔው

ሁለት መንገድ ነበረ። አንዱ የመብራቱን ክፍል መልሶ መሥራት ነው፤ አዲስ ሬክቲፋየር፣ የ50ኤ1 ምትክ፣ ከ220 ወደ 117 የሚያወርድ ትራንስፎርመር። ሌላው መብራቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሬዲዮውን ወደ ባትሪ መመለስ ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ለምን እንደሆነም ለቤተሰቡ በግልጽ ተናገርኩ። ትራንስፎርመሩ ከሬዲዮው ሊነጠል ይችላል። ነገ የማያውቅ እንግዳ ገመዱን ግድግዳው ላይ ቢሰካው፣ አሁን የሚሞትለት 50ኤ1 የለም። በዚያ ላይ ይህ ዓይነት ሬዲዮ በመብራት ሲሠራ ቻሲው፣ ዕቃዎቹ የተገጠሙበት ብረት፣ ከመብራቱ መስመር ጋር ሊገናኝ ይችላል። ልጅ በሚሮጥበት ቤት ይህን አላደርግም። በባትሪ ሲሠራ ደግሞ 50ኤ1 ጨርሶ አያስፈልግም፤ 9 ቮልቱ በቀጥታ ወደ ክሮቹ ይገባል።

የብሉቱዙን ነገር ደግሞ እንዲህ አልኩት፦ ብሉቱዝ ስፒከር በየሱቁ አለ፤ አምስት ቫልቭ ተርፎለት ከሐይቅ የመጣ ዜኒት ግን የለም። ውስጡ ከወጣ ሬዲዮው የለም፤ ሻንጣው ነው የሚቀረው። ልጁ ለአያቱ ደወለ። እማማ በስልክ የመለሱትን እኔም ሰማሁ፦ «አብሽር የኔ ልጅ፣ እንዳለ ይሁን። ቢናገርም ባይናገርም ያባትህ አባት ዕቃ ነው።» ነገሩ አለቀ።

ሥራው

የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀልኩ፤ አልጣልኩትም። የተበላሸውን ሁሉ፣ ማለትም 50ኤ1ን፣ ያበጡትን ካፓሲተሮችና ገመዱን፣ በጨርቅ ከረጢት አድርጌ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጥኩ። የሴሊኒየም ሬክቲፋየሩን በቦታው ትቼ ሽቦውን ብቻ አላቀቅኩት። በጠንካራ ካርቶን ላይ የተቀየረውንና የተነቀለውን ሁሉ ዘርዝሬ ጀርባው ላይ ለጠፍኩ። አንዳንድ ሰብሳቢዎች አዲሱን ካፓሲተር በአሮጌው ቅርፊት ውስጥ ይደብቁታል። ለዓይን ያምራል። ለእኔ ግን ጥገና መታየት አለበት፤ በኋላ የሚከፍተው ሰው እንዳይታለል።

በሰም የተነከሩ የወረቀት ካፓሲተሮች ሁሉ ተቀየሩ። በዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም፤ ከስንት ዓመት በኋላ የማያፈስ የለም። ከሁሉ የከፋው በ1ዩ5 እና በ3ቪ4 መካከል ያለው ነው። እሱ ካፈሰ የድምጽ ቫልቩን የሚቆጣጠረው የውስጥ ፍርግርግ ላይ ፖዘቲቭ ቮልት ይገባል። ድምጹ ይጎረናል፣ ባትሪው በፍጥነት ያልቃል፣ ቫልቩም ይደክማል። ሬዲዮ በእጁ ያለ ሰው አንድ ካፓሲተር ብቻ የመቀየር አቅም ቢኖረው እሱን ይቀይር።

የባትሪው ነገር ዛሬ ቀላል ነው። ለክሮቹ ትልልቁን የባትሪ ድንጋይ ስድስት ቀጠልኩ፤ 9 ቮልት። ለ90 ቮልቱ ደግሞ አራት ማዕዘኑን ባለ 9 ቮልት ባትሪ አሥር በተከታታይ። ይህን ማንም ሱቅ ይሸጠዋል። ትልልቁ ድንጋይ አልካላይን ከሆነ በ50 ሚሊ አምፔር ከ200 ሰዓት በላይ ይሄዳል። 90 ቮልቱ ቶሎ ያልቃል፤ 30 ሰዓት ገደማ ብንል ይሻላል። ማታ ዜና ብቻ ለሚሰማ ቤት ይህ የወር ነገር ነው።

አደጋው ሌላ ነው። 90 ቮልቱ ተሳስቶ ክሮቹ ላይ ከገባ አምስቱም ቫልቭ በዓይን ጥቅሻ ያልቃል። ስለዚህ የሁለቱ ባትሪ መሰኪያ አንዱ ከሌላው ጋር ፈጽሞ እንዳይገጥም አድርጌ ሠራሁት። ለመጀመሪያው ሙከራም በ90 ቮልቱ መስመር ላይ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨመርኩ። ሒሳቡ አጭር ነው፦ 90ን ለ2200 ብናካፍል 41 ሚሊ አምፔር ይመጣል። መስመሩ በሙሉ ክሮቹ ላይ ቢወድቅ እንኳ ከ50 በታች ነው፤ ክር አይበጠስም። ሬዲዮው በሬዚስተሩ ትንሽ ይዳከማል እንጂ ይናገራል። ሁሉ ነገር ደህና መሆኑ ከታየ በኋላ ሬዚስተሩ ይወጣል። ሌላም አለ፦ ሬዲዮው በርቶ ሳለ ቫልቭ አይነቀልም፣ አይሰካም።

ሲበራ ስፒከሩ ሹክሹክታ አሰማ፤ ጣቢያ ግን የለም። ይህ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ነው። የድምጹ ክፍል ሕይወት አለው ማለት ነው። የቀረው ጥያቄ 1ኤል6 ውስጥ ያለው ኦሲሌተር፣ ጣቢያ ለመያዝ ሬዲዮው የራሱን ሞገድ የሚያመነጭበት ክፍል፣ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። መርፌውን 600 ኪሎ ኸርትዝ ላይ አደረግኩ። የሬዲዮው መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ኦሲሌተሩ ከጣቢያው በላይ የሚሆንበት ልዩነት፣ 455 ስለሆነ ኦሲሌተሩ 1055 ላይ መሆን አለበት። ተራ ትራንዚስተር ሬዲዮ አጠገቡ አድርጌ 1055 አካባቢ ላይ አቆምኩት። ኦሲሌተሩ ቢሠራ የትንሹ ሬዲዮ ጩኸት ድንገት ጸጥ ይል ነበር። አላለም።

ጥፋቱ ቫልቩ ላይ ሳይሆን ባንድ መምረጫ ቁልፎቹ ላይ ተገኘ። የኤች 500 ባንድ የሚቀየረው በተደረደሩ ተጫኝ ቁልፎች ነው። ከሥራቸው ያሉት መገናኛዎች በዘመን ብዛት ጠቁረዋል፤ የቤቱ ጭስና ዕጣንም ተጋግሮባቸዋል። አልኮል የነካ ቀጭን ብሩሽ አስገብቼ እያንዳንዱን ቁልፍ ደጋግሜ ጫንኩ፣ ለቀቅኩ። የመካከለኛው ሞገድ ቁልፍ ሲነጻ አጠገቡ የነበረው ትንሽ ሬዲዮ ጸጥ አለ። ዜኒቱም ወዲያው ተናገረ። ሌሎቹን ቁልፎች በጥድፊያ ሳይሆን በትዕግሥት ጨረስኩ። የተበጠሰውን የክብ አንቴና ሽቦ ቀጠልኩ፣ ሻንጣውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ።

ዛሬ ያለበት ሁኔታ

ሐይቅ ሲመለስ ቀን ላይ መካከለኛው ሞገድ ጭር ያለ ነበር። ከጨለመ በኋላ ግን የዓረብኛ ጣቢያዎች ከቀይ ባሕር ማዶ ተንጋግተው ገቡ። ሞገዱ ማታ ከላይኛው አየር እየነጠረ ሩቅ ስለሚሄድ ነው። በአጭር ሞገዱ፣ ረጅሙን አንቴና ዘርግተን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ስርጭት አገኘን። ይህ ስርጭት የጀመረው መጋቢት 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። እማማ ባለቤታቸው በዚሁ ሬዲዮ ይሰሙት እንደነበር ነገሩኝ። ልጁም ኤፍ ኤም የሚለውን ነገር አላነሣም፤ መፈለጊያውን ይዞ አልለቅም አለ።

ለቤቱ የሰጠሁት ማሳሰቢያ ትንሽ ነው። ሬዲዮው ለረጅም ጊዜ የማይከፈት ከሆነ ባትሪዎቹ ይውጡ፤ የሚያፈስ ድንጋይ ቻሲውን ይበላዋል። 90 ቮልቱን ማንም በባዶ እጁ አይንካ። ክረምት ሲገባ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ ድምጹን ለስፒከሩ የሚያቀብለው ትራንስፎርመር ሽቦ ቀጭን ስለሆነ እርጥበት ይበጥሰዋል።

ያልተጨረሰ ነገርም አለ። 16 ሜትር ባንድ ደካማ ነው። 90 ቮልቱ ትንሽ ሲወርድ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ሌሎቹ ባንዶች ግን ይቀጥላሉ። ይህ የደከመ 1ኤል6 ምልክት ነው። ኦሲሌተሩ ሲደክም ቀድሞ የሚተወው ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ከባንዶቹ ከፍተኛው ደግሞ 16 ሜትር ነው። አዲስ 1ኤል6 ለመግዛት ዋጋው ይከብዳል። 1ዩ6 የተባለው ቫልቭ ግን እግሮቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ ልዩነቱ ክሩ 50 ሳይሆን 25 ሚሊ አምፔር ብቻ መውሰዱ ነው። የቀረውን 25 በጎን የሚያሳልፍ 56 ኦም ሬዚስተር በ1ኛውና በ7ኛው እግር መካከል ከተበየደ ይሠራል። ሬዚስተሩ ከተረሳ 50ው በሙሉ በስሱ ክር ያልፍና ያቃጥለዋል። እኔ ባልገኝ የሚሠራው ሰው እንዳይቸገር ይህንንም ከነሒሳቡ ጀርባው ላይ ባለው ካርቶን ላይ ጽፌዋለሁ።